ከአሉቶ እስከ ኦልካሪያ፦ እንፋሎት ተከትሎ በስምጥ ሸለቆ

ቅዳሜ፣ ከአዲስ አበባ ባቱ

ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርድ የአዲስ አበባ ሰው ምን ፈልጎ እንደሚሄድ ይታወቃል። ወይ ላንጋኖ ሊዋኝ ነው፣ ወይ ዝዋይ አሳ ሊበላ፣ ወይ ሐዋሳ ላይ ዘና ሊል። እኔና ጓደኛዬ የወጣነው እንፋሎት ልናይ ነው። ተፈጥሮ ራሷ ባስቀመጠችው የሙቀት ልዩነት ኤሌክትሪክ የሚመነጭባቸውን ቦታዎች እየተከተልን ወደ ደቡብ እንወርዳለን። እሱ ሥራ ስላለበት ሻሸመኔ ላይ ይመለሳል። እኔ ኬንያ ድረስ እዘልቃለሁ።

ጓደኛዬ የቴክኒክና ሙያ መምህር ነው፤ ኤሌክትሪክ ያስተምራል። ቦርሳው ሽቦና ፌሻ አጥቶ አያውቅም። ዛሬ ግን ሌላ ነገር ይዟል። ከተበላሸ የውሃ ዲስፔንሰር የተነቀለ፣ አራት ሴንቲ ሜትር በአራት ሴንቲ ሜትር የሆነ ነጭ ሰሌዳ። ሁለት ሽቦ ወጥቶለታል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር። ፔልቲየር ይባላል። ኤሌክትሪክ ስትሰጠው አንዱ ጎኑ ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይሞቃል። ዲስፔንሰሩ ውሃ የሚያቀዘቅዘው በዚህ ነው። በተገላቢጦሽ አንዱን ጎን አሙቀህ ሌላውን ካቀዘቀዝከው ደግሞ ኤሌክትሪክ ይሰጥሃል። «አሉቶ ላይ እናየዋለን» አለኝና መልሶ ከተተው።

ፍል ውሃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ባያሠሩ አዲስ አበባ ዛሬ ያለችበት ቦታ ላይ መሆኗን እንጃ። ውሃው ግን ገላ መታጠቢያ ሆኖ ቀረ። ለመብራት ከዚያ የበለጠ ሙቀት ይፈለጋል፤ እሱ ደግሞ ያለው እታች ነው።

ከሞጆ ታጥፈን ቆቃ ሐይቅን አለፍን። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ነው ሥራ የጀመረው፤ 43 ሜጋዋት ገደማ ያመነጫል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጣሊያን ለጦርነቱ በከፈለችው ካሳ የተሠራ ነው። ጓደኛዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ማስተማሩን ጀመረ። ውሃ ተርባይን የሚያዞረው ብዙ ስለሆነ አይደለም፤ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው። ሜዳ ላይ የተኛ ሐይቅ የቱንም ያህል ቢሰፋ አምፖል አያበራም። ሙቀትም እንዲሁ ነው፤ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው «ሲወርድ» ብቻ ይሠራል። ይህን ንጽጽር ያመጣው ሳዲ ካርኖ የሚባል ወጣት የፈረንሳይ መሐንዲስ ነው፣ በ1824። እስከ ዛሬ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ስለዚህ የእንፋሎት ጣቢያ ስታይ ሁለት ጥያቄ አለ። ሙቁ የት ነው? ቀዝቃዛውስ የት ነው? ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ብቻ ይጠይቃል።

ባቱ ስንደርስ መሽቷል። ሐይቁ ዳር አሳ ለብለብ በላን። አባ ኮዳዎቹ ራሰ በራቸውን አንገታቸው ውስጥ ቀብረው የአሳ አጥንት ይጠብቃሉ። ከሐይቁ ወዲያ ደብዘዝ ያለ ጉብታ ይታያል። አሉቶ እሱ ነው። እሳተ ገሞራ ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም።

እሑድ፣ አሉቶ

ሌሊቱን ተነሳን። ሐሳቡ የእኔ አልነበረም፤ ማታ የምግብ ቤቱ ባለቤት «እንፋሎት ለማየት ከሆነ ጎህ ሳይቀድ ድረሱ፤ ፀሐይ ከወጣች ምንም አታዩም» ብለውን ነው።

ከአዳሚ ቱሉ አለፍ ብሎ ከዋናው አስፋልት ወደ ግራ ይታጠፋል። መንገዱ በግራርና በበቆሎ ማሳ መሃል እየወጣ ይሄዳል። ከፍ ሲል አፈሩ ይለወጣል። ነጣ ያለ፣ ሲረግጡት የሚንኮሻኮሽ የእሳተ ገሞራ አመድ ይሆናል። መሃል መሃሉ ላይ ጥቁር ባልጩት ይብለጨለጫል። አንዱን አነሳሁት፤ ጠርዙ ጣት ይቆርጣል። የተራራው አናት ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል፤ ባቱ ካለችበት 700 ሜትር ያህል ከፍ ይላል።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ያሉት ትክክል ነው። በንጋቱ ብርድ ተራራው ከየስንጥቁ ሲጨስ ይታያል። እዚህ አንድ፣ እዚያ ሦስት፣ ከቁጥቋጦ ስር ደግሞ ሌላ። ቦቤሳ የሚባለው ቦታ ላይ አፈሩ ቀይና ነጭ ሆኖ ተቀቅሏል። ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው፤ ድኝ ያለበት ጋዝ ስለሆነ ከመልመድ ሌላ አማራጭ የለም። ጓደኛዬ ቴርሞሜትሩን ስንጥቁ ውስጥ ሲያስገባው 94 ላይ ቆመ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው እዚያው አካባቢ ላይ ነው።

አንድ እናት ልጃቸውን አስከትለው መጥተው ነበር። ጉልበታቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋል። ነጠላቸውን ተሸፋፍነው እንፋሎቱ ላይ ተቀመጡ፤ እዚህ አገር መድኃኒቱ ይህ ነው። ጓደኛዬ ዕቃውን ሲዘረጋ አዩት።

«ምን ልታደርጉ ነው ልጆቼ?»

«መብራት ልናበራ ነው እማማ።»

«በእንፋሎት?»

«በእንፋሎትና በውሃ።»

ትኩሱ ድንጋይ ላይ አንዲት የአልሙኒየም ቁራጭ አስቀመጠ። በላይዋ ሰሌዳውን፣ በሰሌዳው ላይ ደግሞ ጠፍጣፋ ጣሳ። ሁለቱን ሽቦ ከአንዲት ትንሽ ቀይ መብራት ጋር አገናኘ። ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ ለአፍታ ጭል አለችና ጠፋች። ከዚያ ከጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ጣሳው ውስጥ አፈሰሰ። መብራቷ ቦግ አለች። ዙሪያችንን የከበቡት እረኞች ሳቁ። እማማ «ወይ ጉድ!» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው በደንብ ያየሁት። ማንም ምንም ሳይነካ መብራቷ ቀስ በቀስ ደበዘዘች። አንዱ ልጅ «ድንጋዩ ደከመው» አለ። ጓደኛዬ እጁን ይዞ ድንጋዩን አስነካው፤ ልጁ እየሳቀ እጁን ሰበሰበ፤ ያው የሚያቃጥል ነው። ከዚያ ጣቱን ጣሳው ውስጥ አስከተተው። ውሃው ለብ ብሏል። ውሃው ተደፍቶ አዲስ ሲቀዳ መብራቷ ተመለሰች። ድንጋዩ ላይ ምንም የተጨመረ ነገር የለም። ልጁ ጀሪካኑን አልለቅም ብሎ ውሃውን እስኪጨርሰው ድረስ ይቀዳና ይደፋ ጀመር።

ጣቢያው ከዚያ ሩቅ አይደለም። ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስላልነበረን ከአጥሩ ውጭ ሆነን አየነው። ወፋፍራም ቧንቧዎች፣ የጉድጓድ አፎች፣ እንፋሎት ሲለቀቅ ድምፁን የሚያፍኑ ጋኖች።

የቦታው ታሪክ ረጅም ነው። ኢትዮጵያ የከርሰ ምድር እንፋሎት ፍለጋ የጀመረችው በ1969 ነው፣ በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ። ከ1981 እስከ 1985 አሉቶ ላይ ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ጥልቀታቸው እስከ 2,500 ሜትር ይደርሳል። ታች ያለው ሙቀት 300 ዲግሪን የሚያልፍባቸው አሉ። ሙቁ የት ነው ለሚለው መልስ ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ አሥር ዓመት በላይ ዝም ተባለ። ወደ 7 ሜጋዋት የምታመነጭ የሙከራ ጣቢያ የቆመችው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። እሷም በመሣሪያ ብልሽትና በጉድጓድ ችግር ስትነሳ ስትወድቅ ኖረች። አፍሪካ ውስጥ ከኬንያ ቀጥሎ ስሙ የሚነሳ ጣቢያ ነበር፤ ግን አንድ ሰፈር እንኳ ሳይተማመንበት ቀረ።

አሠራሯ ይገርማል። ከጉድጓዱ የሚወጣው እንፋሎትና ፍል ውሃ ሙቀቱን ፔንቴን ለሚባል ፈሳሽ ያስረክባል። ፔንቴን በ36 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ፣ የቤንዚን ዘመድ የሆነ ፈሳሽ ነው። ውሃ ገና ለብ በሚልበት ሙቀት እሱ ጋዝ ሆኖ ተርባይን ያዞራል። ከዚያ ወደ ፈሳሽነቱ እንዲመለስ መቀዝቀዝ አለበት። የሚያቀዘቅዙት ደግሞ ነፋስ የሚያራግቡ ትልልቅ ፋኖች ናቸው። አሉቶ ላይ ያለው የጣሳ ውሃ የተራራው ነፋስ ነው እንበል። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ጣቢያ ሁሉ ከሌሊት ይልቅ በጠራራ ፀሐይ የሚሰጠው ኃይል ያንሳል። መሬቱ ያው ነው፤ አየሩ ነው የሞቀው።

ከ300 ዲግሪ ተነስቶ እንኳ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው የሙቀቱ ጥቂት ክፍል ነው። በዓለም ያሉ የእንፋሎት ጣቢያዎች ከሚቀበሉት ሙቀት በአማካይ አንድ ስምንተኛውን ያህል ነው የሚለውጡት። ቀሪው ወደ ሰማይና ወደ መሬት ይመለሳል። ይህ ብክነት አይደለም፤ ነዳጁ በነጻ ነው። ውድ የሚሆነው ጉድጓዱ ነው። አንዱ ብቻ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ይበላል፤ ተቆፍሮ ደግሞ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ውሃውስ ከየት ይመጣል? አብዛኛው ከምሥራቁ ደጋ ከአርሲ በኩል የወረደ ዝናብ ነው። በስንጥቆች ሰርጎ፣ ታች ተቀቅሎ፣ እንፋሎት ሆኖ እዚህ ይወጣል። እማማ የተቀመጡበት ጭስ አርሲ ላይ የዘነበ ዝናብ ነው።

ከሰዓት ስንወርድ ተራራው ጭሱን አቁሞ ነበር። አላቆመም እንጂ፤ አየሩ ሞቆ እንፋሎቱ አልታይ ብሎ ነው።

ሰኞ፣ ሻላና ሻሸመኔ

ላንጋኖን በአጭሩ አየነው። ቡናማ ውሃው ላይ ሰው ይዋኛል፣ ጀልባ ይከራያል። በሰሜኑ ዳርቻ ፍልውሃዎች አሉ፤ ከአሉቶ ስር የሚመጡ ናቸው።

ሻላ ግን ሌላ ነው። ጥልቀቱ 250 ሜትር ይበልጣል፤ የሞላው የእሳተ ገሞራ ገንዳ ነው። ዳር ላይ ፍል ውሃ እየተንፎለፎለ ወደ ሐይቁ ይፈሳል። ጨው ነጭ ሆኖ ጠርዙ ላይ ተጋግሯል። የሚታጠቡት ሰዎች ቦታ መራጭ ናቸው። ፍሉ ከሐይቁ ውሃ ጋር የሚቀላቀልበትን መስመር ያውቁታል። ሁለት እርምጃ ወደ ላይ ካሉ ይቃጠላሉ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ታች ካሉ ይበርዳቸዋል።

ከሻሸመኔ ወደ ምዕራብ ኮርቤቲ አለ፤ ሌላ ያንቀላፋ እሳተ ገሞራ። ከቆቃ ሐይቅ ወደ ደቡብ ደግሞ ቱሉ ሞዬ። ለሁለቱም ከውጭ ኩባንያዎች ጋር ውል ተፈርሟል፤ ቱሉ ሞዬ ላይ ቁፋሮው በ2020 ተጀምሯል። የቆፈረው ኬንጄን ነው፣ የኬንያ መንግሥት አብላጫ ድርሻ ያለበት የኤሌክትሪክ አመንጪ ኩባንያ። አሉቶም ላይ ለአዲሶቹ ጉድጓዶች ውል የወሰደው እሱ ነው። እኔን ኬንያ ድረስ ያስሄደኝ ይህ ነው። ጎረቤት እኛ ጋ መጥቶ እስኪቆፍርልን ድረስ እንዴት ቀደመን?

ጓደኛዬ በሚኒባስ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ሰሌዳውን ስጠኝ ብለው አሻፈረኝ አለ፤ ለተማሪዎቹ ነው አለኝ።

ማክሰኞ፣ ወደ ሞያሌ

ዲላ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ሐገረ ማርያም፣ ያቤሎ። ጠዋት ቡናና እንሰት፣ ከሰዓት ቀይ አፈርና ኩይሳ። አውቶቡሱ ሙሉ ነበር። ስለ እንፋሎት የምጽፈው ነገር የለኝም፤ ስለ ወገቤ ብዙ አለኝ።

ረቡዕ፣ ከሞያሌ ናይሮቢ

ድንበሩን አልፈው ጥቂት ሜትር ሲሄዱ መኪናው ወደ ግራ ይዛወራል። ኬንያ በግራ ነው የሚነዳው። የማርሳቢት መንገድ ዛሬ ጥሩ አስፋልት ነው፤ ዱሮ በጭነት መኪና ላይ ቀናት ይፈጅ ነበር። ሜዳው ጠፍጣፋ፣ ድንጋዩ ጥቁር፣ ሙቀቱ የሚያፍን። ማርሳቢት ተራራ ላይ ግን ደንና ጉም አለ። ከበረሃው ተነስቶ እዚያ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ አጭር ነው፤ ጃኬት ግን ያስለብሳል።

እንዲህ ባለ ቦታ ሰው ማሰቡ አይቀርም። ሙቅና ቀዝቃዛ እንዲህ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ለምን አንጠቀምባቸውም? የባሕር ሰዎች ይህን ሞክረውታል። በሞቃት ባሕር ላይ የላዩ ውሃ ወደ 26 ዲግሪ ሲሆን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ታች ያለው 5 ዲግሪ ገደማ ነው። ፈረንሳዊው ጆርጅ ክሎድ በ1930 ኩባ፣ ማታንዛስ ላይ በዚህ ልዩነት 22 ኪሎዋት አመነጨ። ቧንቧውን ባሕር ሰበረበት። ሃዋይ ውስጥ ኮና አጠገብ በ2015 መቶ ኪሎዋት ገደማ የሚሰጥ የሙከራ ጣቢያ ተመርቋል፤ ጃፓን ኩሜጂማ ደሴት ላይም ከ2013 ጀምሮ ተመሳሳይ አለ። አሉቶ ላይ ፔንቴን ያደረገውን ሃዋይ ላይ አሞኒያ ያደርገዋል።

ችግሩ ግልጽ ነው። ልዩነቱ ሃያ ዲግሪ ብቻ ሲሆን፣ ምንም ሳይባክን እንኳ ከሙቀቱ 7 በመቶ ነው ወደ ሥራ የሚለወጠው። በተግባር ሦስት በመቶ ቢገኝ ነው። ከዚያ ላይ ቀዝቃዛውን ውሃ ከታች የሚስበው ፓምፕ የራሱን ድርሻ ይበላል። በሐሳብ ደረጃ በጣም ያምራል። እኔ ግን የስምጥ ሸለቆ ሰው ነኝ፤ 300 ዲግሪ እግሬ ስር እያለ ሃያ ዲግሪ አላሳድድም።

ሐሙስ፣ ናይሮቢ

ተኛሁ። እንጀራም አገኘሁ፤ ናይሮቢ ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤት ማግኘት ቀላል ነው። መብራቱ ሲበራ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ከዚህ አገር ኤሌክትሪክ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ከእንፋሎት ነው የሚመጣው። አሁን ያነበብኩትን ሜኑ ያበራው ኦልካሪያ፣ ነገ የማየው የእንፋሎት ጣቢያ፣ ሳይሆን አይቀርም።

ዓርብ፣ ኦልካሪያ

ናይቫሻ ስደርስ ባቱ የተመለስኩ መሰለኝ። ሐይቅ፣ ጉማሬ፣ ዙሪያውን የአበባ እርሻ ግሪን ሃውስ፣ በስተጀርባ እሳተ ገሞራ። ከፍታው ብቻ ይለያል፤ ናይቫሻ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ይቀዘቅዛል።

በሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ በር ላይ ብስክሌት ይከራያል። በሜዳ አህያና በከርከሮ መሃል እየነዱ መሄድ ይፈቀዳል። ገደሎቹ ቀይ ናቸው። መንገዱ ከፍ እያለ ሲሄድ መጀመሪያ ድምፅ ይሰማል፤ የማያቋርጥ፣ ጆሮ የሚሞላ ፉጨት። ከዚያ ነጫጭ ደመናዎች ከኮረብታው ጀርባ ብቅ ይላሉ። ከዚያ ቧንቧ። ቧንቧ በየአቅጣጫው፣ ብርማ፣ በየመሃሉ እንደ በር ወደ ላይ የተጠማዘዘ። ብረቱ ሲሞቅ ስለሚረዝም መጠምዘዙ ግድ ነው፤ አንዳንዶቹን ግን ቀጭኔ እንዲያልፍባቸው ብለው ከፍ አድርገዋቸዋል። አንዲት ቀጭኔ ከሩቅ ቆማ እንፋሎቱን ትመለከት ነበር። ግድ የሰጣት አትመስልም።

እዚህም ጅማሬው አልሰመረም። በ1950ዎቹ የተቆፈሩት ሁለት ጉድጓዶች አልሠሩም። በ1970ዎቹ እንደገና ተሞከረ። በ1981 የመጀመሪያዋ 15 ሜጋዋት ተርባይን ሥራ ጀመረች። ልብ በሉ፤ አሉቶ ላይ ቁፋሮው የተጀመረው በዚያው ዓመት ነው። በ1985 ኦልካሪያ 45 ሜጋዋት ደረሰ። ዛሬ የኬንያ የእንፋሎት ጣቢያዎች ጠቅላላ አቅም ከ900 ሜጋዋት ይበልጣል፤ አብዛኛው እዚህ ነው። በኦልካሪያ ብቻ ከ300 በላይ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል።

አንድ ስም አልባ እንዲሆን የጠየቀኝ ቆፋሪ አገኘሁ። አሉቶ ላይ ሠርቷል። ከየት እንደመጣሁ ስነግረው መጀመሪያ ያወጣት ቃል «ሽሮ!» ናት። ከዚያ «እሺ፣ እሺ» አለ፤ አማርኛው እዚያ አበቃ። የእኛ ድንጋይ ይከፋል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ። ድንጋዩ የአንድ ቤተሰብ ነው አለኝ። ልዩነቱ እዚህ ቁፋሮ አለመቋረጡ ነው። አንዱ ጉድጓድ ባዶ ሲሆን ሪጉ (መቆፈሪያ ማሽኑ) ተነስቶ ቀጣዩ ላይ ይተከላል። ሠራተኛው አይበተንም፣ መለዋወጫው መጋዘን ውስጥ ነው፣ ከስምንተኛው ጉድጓድ የተማረውን ዘጠነኛው ላይ ያውለዋል። እኛ ስምንተኛው ላይ ቆመን የሚቀጥለውን ለመጀመር ሦስት አሥርት ዓመት ያህል ፈጀብን።

ይህ ሁሉ ግን በደስታ የተጀመረ አይደለም። ኬንያ በ1999 እና በ2000 ከባድ ድርቅ መትቷት መብራት በፈረቃ ሆነ። በውሃ ብቻ መተማመን እንደማያዋጣ ያኔ ገባቸው። በ2008 መንግሥት የቁፋሮውን ኪሳራ ራሱ የሚሸከም ድርጅት አቋቋመ፤ ባዶ ጉድጓድ የግል ባለሀብትን እንዳያስፈራ። እኛም በፈረቃ ኖረናል። ግን ዝናብ ሲመለስ እንፋሎቱን እንረሳዋለን። አሁን ደግሞ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ2025 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት። ደስ ይላል። አሉቶን ለመርሳት ግን ከዚህ የበለጠ ምክንያት አይገኝም ብዬ እፈራለሁ።

ጣቢያውን ከቅርብ ሳይ ዓይኔ የሄደው ወደ ማቀዝቀዣው ነው። ነጩ ደመና የሚወጣው ከጉድጓዱ መስሎኝ ነበር፤ አብዛኛው ግን ከማቀዝቀዣ ማማዎቹ ነው። እዚህ እንደ አሉቶ ፔንቴን ሳይሆን እንፋሎቱ ራሱ ነው አብዛኞቹን ተርባይኖች የሚያዞረው። ከተርባይኑ ሲወጣ በቀዝቃዛ ውሃ ይመታና ወደ ጠብታነት ይለወጣል። ያን ጊዜ ቦታው ስለሚጠብ ባዶ ይፈጠራል፤ ባዶው ተከታዩን እንፋሎት በተርባይኑ በኩል ይስባል። ታች ያለው ይገፋል፣ እዚህ ያለው ይጎትታል። የናይቫሻ ብርድ ለዚህ ሰዎች ሀብት ነው።

የጉድጓድ ሙቀት ሥራው ተርባይን ማዞር ብቻ አይደለም። ኦሴሪያን በሚባለው የአበባ እርሻ ግሪን ሃውሱ የሚሞቀው ከጉድጓድ በሚመጣ ሙቀት ነው። ሌሊት ቅጠሉ ላይ እርጥበት እንዳይቆምና ሻጋታ እንዳይዝ ያደርጋል። ከጉድጓዱ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንኳ ለአበባው ይመግቡታል። የባቱ አበባ እርሻዎች ከአሉቶ በዓይን ይታያሉ። እሑድ ከላይ ሆኜ አይቻቸዋለሁ፤ ነጭ ፕላስቲክ እስከ ሐይቁ ድረስ። ከ7 ሜጋዋት ተርባይን ይልቅ የሚያዋጣን መጀመሪያ ይህ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ሙቅ ውሃ በቧንቧ መውሰድ ጄኔሬተር ከማስተካከል ይቀላል።

ነገሩ ሁሉ ማር አይደለም። የኦልካሪያ መሬት የማሳይ ግጦሽ ነበር። ለአራተኛው ጣቢያ ሲባል በ2014 መንደሮች ተነስተው ሌላ ቦታ ሰፈሩ። ሰዎቹ ለዓለም ባንክና ለአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ አቤት ብለዋል፤ ጉዳዩ ሽምግልና ደርሷል። አንድ የማሳይ ወጣት ብስክሌቴን እያየ በእንግሊዝኛ «እንፋሎቱ የእኛ ነው፣ ቢሉ ደግሞ የእኛ አይደለም» አለኝ። ቢል ማለቱ የመብራት ሒሳብ ነው ወይስ ክፍያው መሆኑን አልጠየቅኩትም፤ በሁለቱም ያስኬዳል።

ማታ ከጣቢያው በሚወጣው ውሃ የተሠራው ስፓ ገባሁ። ውሃው ወተት የነካው ሰማያዊ ነው፤ ከታች ይዞት የወጣው ሲሊካ ነው እንዲያ ያደረገው። ከተርባይን ተርፎ፣ ከቧንቧ ተርፎ፣ እኔን ለማሞቅ በቅቷል። ከአንገት በላይ ይበርዳል።

ቅዳሜ፣ ሱስዋ

ወደ ናሮክ በሚወስደው መንገድ ላይ ሱስዋ አለች። ትንሽ ከተማ ናት፤ ፍየል፣ የስልክ ካርድ፣ የተጠበሰ በቆሎ። ከበስተኋላዋ ሌላ እሳተ ገሞራ ቆሟል። ሰው የሚመጣው ለእሱ ነው። እኔ የመጣሁት ለሽቦው ነው።

ከወላይታ ሶዶ የተነሳው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚያርፈው እዚህ ነው። በ2022 መጨረሻ ላይ ኬንያ በእሱ 200 ሜጋዋት መቀበል ጀመረች፤ ከኢትዮጵያ ወንዞች። መስመሩ እስከ 2,000 ሜጋዋት መሸከም ይችላል። ማማዎቹ ግዙፍ ናቸው። ሥራቸውን ለማያውቅ ሰው ግን ተራ ብረት ናቸው። አንዱ ልጅ ከስራቸው ፍየል ይጠብቃል።

ፎቶ ላነሳ ስል ጥበቃው በፉጨት አስቆመኝ። ከኢትዮጵያ ነኝ ብዬ ወደ ሽቦው ጠቆምኩ። «መብራቱም ከእናንተ ነው» አለ፣ ፈገግ ብሎ። ፎቶውን ግን አልፈቀደም።

እዚያ ቆሜ ሳስበው ሁለቱ አገሮች ይዋዋሳሉ። እንፋሎት ሌት ተቀን ይወጣል፤ ሰው ሲተኛ አይቀንስም። ኦልካሪያ ሌሊት ላይ ፈላጊ ሲያጣ እንፋሎቱን ወደ ሰማይ የሚለቅበት ጊዜ አለ። ግድብ ግን ቧንቧውን ዘግቶ ውሃውን ለነገ ማስቀመጥ ይችላል። ሌሊት እንፋሎት ቢሠራና ውሃው ቢያርፍ፣ ማታ በጭንቁ ሰዓት ደግሞ ውሃው ቢለቀቅ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ለዚህ መስመሩ ዝግጁ ነው፤ በሁለቱም አቅጣጫ መላክ ይችላል። ዝናብ በቀረበት ዓመት የኦልካሪያ እንፋሎት ሶዶ ድረስ ሄዶ ምጣድ ሊያሞቅ ይችላል ማለት ነው። ውሉ እስኪፈቅድ ነው እንጂ ሽቦው አይከለክልም።

የኢትዮጵያ የእንፋሎት ሀብት ከ10,000 ሜጋዋት በላይ ይገመታል ይባላል። የኬንያም እንዲሁ ነው የሚባለው። እነሱ ካላቸው አንድ አሥረኛ ገደማ ላይ ደርሰዋል። እኛ እንኳን አሥረኛ፣ መቶኛም አልደረስንም።

ማታቱዋ (የኬንያ ሚኒባስ) ጥሩምባዋን ነፋች። ረዳቱ ለናይሮቢ የጠራው ዋጋ የፈረንጅ ዋጋ ነበር። ተከራከርኩ፤ ጥበቃው በስዋሂሊ አንድ ነገር ጣል አደረገለትና ዋጋው ወረደ።